የተክለብርሃን ዕጣ

ፍናን ልጄ፣ የለንደን ብርድ አንቺን ፈርቶ ይሽሽ፤ መድኃኔዓለም በሄድሽበት ይቅደምሽ። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ጋሼ ተክለብርሃን የታክሲው ዕዳ ቢከብደው ለክሬዲት ካርድ አመለከተ። «የክሬዲት ታሪክዎ አጭር ነው» ብለው ከለከሉት። የዘሩን ታሪክ መስሎት ባንክ ሄዶ ለሠራተኛዋ ልጅ ሰባት ቤት ቆጠረላት። እሷም «ሶሪ፣ ሰር» አለችው።

ታክሲው ሊወሰድበት ሆነ። ገንዘብ ብንሰጠው ደግሞ ኩሩ ነው፣ አይቀበልም። ሶ፣ እኛ ሽማግሌዎች እሱንም ጨምረን ዕቁብ ጀመርንና ዕጣው ሁሉ ላይ የእሱን ስም ጻፍኩ። ወጣለት፤ ዕዳውን ከፈለ።

አሁን «ገብርኤል ነው ያወጣልኝ፤ አንተ ግን ዕድል የለህም» እያለ በየሳምንቱ ክትፎ ይጋብዘኛል። ስትደውይለት አደራ፣ እንዳታሳብቂብኝ።

እንደ እኔ ያለ አታላይ ወዳጅ አይንሳሽ።

አያትሽ ዘርዓብሩክ