ከደጅ የመለስሁት መርፌ

ዳንግላ፣ ነሐሴ ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙሉነሽ ገበየሁ፤ አዲስ አበባ።

ዓይኔ ሙሉነሽ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የነርስነት ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ በቁሜ አለሁ።

ሐኪም ጠይቀሽ በአውቶቡስ የላክሽው መድኃኒት ደርሶን ነበር። እናትሽ ጭኗ ተሰብሮ ከተኛች ወዲህ ያበጠው እግሯ፣ ያ ደም ረግቶበታል የተባለው፣ በመርፌው ጎደል ማለት ጀምሮ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቢሻው ጠዋትና ማታ በዝናብ እየመጣ ከሆዷ ቆዳ ሥር ይወጋታል። አንድ ቀን አላጓደለም።

በዘጠነኛው ቀን ድዷ ደማ። ገልጬ ባያት ሆዷ በልዞ ጠቁሯል። ማታ ቢሻው ሲመጣ ከደጅ አቆምሁት።

«ይበቃል። ደሟን ልትጨርሰው ነው።»

«አያ ገበየሁ፣ መድኃኒቱ ደሙ እንዳይረጋ ነው የሚያደርግ። መድማቱ ካስፈራዎ ዛሬን እንዝለለውና ሐኪሙን በስልክ ልጠይቅ፤ መጠኑን ይቀንስልናል። ጭራሽ ከተወነው ግን የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባዋ ላይ ይወድቃል።»

«ከቤቴ ሂድ» አልሁት። በማግሥቱም መጣ፤ መለስሁት።

እናትሽ «ቢሻው ምነው ቀረ?» ብትለኝ «መድኃኒቱ አልቋል» አልኋት። አላለቀም ልጄ። ሦስት ብልቃጥ ሣጥኑ ውስጥ አለ።

«እንግዲያ ለሙሉነሽ ጻፍላት፤ ትልካለች» አለችኝ። እሺ አልሁ፤ አልጻፍሁም።

አራት ቀን ደኅና ሆነች። ድዷ ደረቀ፤ ተደግፋ ተቀምጣ ጎመን ቀነጠሰች። እኔም በልቤ ኮራሁ። ሐሙስ ጠዋት «ደረቴን ወጋኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ» ብላ እጄን ያዘች። ቢሻውን አስጠራሁት። በጭቃው እየሮጠ መጣ። መርፌውን ከቦርሳው አወጣ፤ እሷን ጎንበስ ብሎ አያትና መልሶ ከተተው።

ከዚህ በላይ በደብዳቤ አይነገርም። ፈቃድ ጠይቂና ነዪ። ብቻሽን ወደ ቤት አትምጪ፤ አክስትሽ በቀለች አውቶቡስ መቆሚያው ትጠብቅሻለች፣ እሷ ዘንድ እደሪ። መድኃኒት አትግዢ።

ቢሻውን ክፉ እንዳትናገሪው። አገሩ ሁሉ ይህ የደረሰባት በሱ መርፌ ነው ይላል። እኔም ከሰዉ መካከል ተቀምጬ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርሁም።

መንገድሽን እግዚአብሔር ያቅናው፤ ተምረሽ ለሰው የምትተርፊ ያድርግሽ። ፊቴን ማየት ብትጠዪ አልቀየምሽም።

አባትሽ ገበየሁ አድማሴ