በጁስ ጠርሙስ አሲድ ላደሉን ለተከበሩ ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ ቦጎልዩብ ስቶይልኮቪች
የሕንጻችን ነዋሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበር
ኒሽ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ደረጃውን እንዲችልልዎ፣ የደም ግፊትዎም ልኩን እንዳያልፍብዎ ከልቤ እመኛለሁ። ከምንም በላይ ግን ጆሮዎ እንዳለ እንዲቆይልን እጸልያለሁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ የተነሳ የድሪል ድምፅ አንደኛ ፎቅ ሶፋው ላይ ተኝቶ የሚሰማ፣ ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሲለምነው ግን የማይሰማ ጆሮ በቀላሉ የሚገኝ አይደለምና።

ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ካለው ሰሌዳ፣ ከማስታወቂያዎ አጠገብ የለጠፍኩት ለክብርዎ ስል ነው። ሰኞ ዕለት እኔንና ባለቤቴን ኔናድን በስም ጠቅሰው “ግዴለሽ ወላጆች” ብለው ስለጻፉ፣ ድምፅ በሚከለከልበት የከሰዓት ዕረፍት ጊዜ ግድግዳ የሚበሱ፣ የምክር ቤቱን ስጦታ የሚያንቋሽሹ ጋጠወጦች መሆናችንንም ለፖስተኛው ጭምር ስላሳወቁልን፣ ሁሉ ያነበበውን ስድብ በሹክሹክታ መመለስ ነውር መሰለኝ። ጉዳዩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሌንካ የምትባል ልጅ አለችን፤ እርስዎ ያደሉን አሲድ ጉሮሮዋ ሊገባ አንድ ጉንጭ ቀርቶት ነበር፤ ያው አሲድ እስከ ትናንት ድረስ በየጎረቤቱ ቤት ተቀምጦ ሌላ ልጅ ይጠብቅ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚሁ ማብራሪያ ነው።

ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ፤ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንደማያነቡ ባለፈው ስብሰባ ላይ ነግረውናል።

1. ድሪሉን በተመለከተ። አልክድም፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔናድ መታጠቢያ ቤታችንን ሲበሳ ነበር። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ስለሆነ የቀረችው ሰዓት ያቺው ነበረች። ምክንያታችንም ሌንካ ናት። ለእርሷ መታጠቢያ ቤት ማለት የሚከፈት፣ የሚፈስ፣ የሚጠጣ ነገር ሁሉ የተሰበሰበበት ገነት ነው። የአባቷን ስልክ ሽንት ቤቱ ውስጥ ከታ ውሃ ለቀቀችበት፤ ቁርሷ የነበረውን ቡሬክ፣ ያን በአይብ የተሞላ ቂጣ፣ ገንዳ ውስጥ በሳሙና አጠበችው፤ የጥርስ ሳሙናውን በልታ ሻምፖውን ልትደግም ስትል ደረስኩባት። ስለዚህ ለመሳቢያዎቹ መቀርቀሪያ፣ ለሽንት ቤቱ ክዳን የልጅ ቁልፍ ገጠምን፤ በረኪናና መድኃኒት የሚቀመጥበትንም ቁም ሳጥን ከጣራው ሥር ሰቀልነው። ዕረፍትዎን ስለነሳንዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንቅልፍዎ ነቅተው ደረጃው ላይ ያሰሙት ጩኸት ግን ከድሪሉ ስለበለጠ፣ የተቀሩትን ጎረቤቶች ዕረፍት የነሱት እርስዎ መሆንዎን በትሕትና አስታውሳለሁ።

2. የዚያን ዕለት ጉብኝትዎን በተመለከተ። በካናቴራና በነጠላ ጫማ ቤታችን ድረስ መጥተው ስለጎበኙን ቤተሰቡ በሙሉ ኮርቷል። መታጠቢያ ቤታችንን ዞር ዞር ብለው አይተው “ይኼ ሁሉ ቁልፍ ለአንዲት ፍሬ ልጅ? እስር ቤት አደረጋችሁት እኮ! እኔ አራት ልጅ ያለ አንድ ቁልፍ ነው ያሳደግኩት” ማለትዎ ትዝ ይለኛል። አራቱን ልጆች ያሳደጉት ባለቤትዎ ወይዘሮ ዴሳንካ መሆናቸውን፣ እርስዎ በዚያን ዘመን ሥራ፣ ስብሰባና ዓሣ ማጥመድ ላይ እንደነበሩ ሕንጻው በሙሉ ያውቃል፤ ግን ይሁን፣ በዚህ አንጣላም።

ከዚያም ሽንት ቤቱን ለአንድ አፍታ እንድንፈቅድልዎ ጠየቁን፤ ፈቀድን። ገብተው ዘጉት። ክዳኑ እምቢ አለዎት መሰለኝ፣ ብዙ መንጎዳጎድ ሰማን። ኔናድ በሩ ሥር ቆሞ “ጋሼ፣ ሁለቱን ጎን ጫን አድርገው ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት” ቢልዎ “አውቃለሁ! ሽንት ቤት አጠቃቀም አንተ ልታስተምረኝ ነው?” አሉት። ቀጥሎ የሰማነው ቀጭ የሚል ድምፅ ነው። ሲወጡ የተሰበረውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀምጠውለት “ዕቃችሁ ርካሽ ነው” ብለው ሄዱ። ሌንካ አጨበጨበችልዎ። እርሷ ከተገጠመ ጀምሮ ታግላ ያልቻለችውን በአንድ እስትንፋስ ስለጨረሱላት አድናቂዎ ሆናለች።

3. ስጦታውን በተመለከተ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይታገሡኝ።

ከዚያች ቅዳሜ በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ከቀድሞ ባልደረባዎ በርሜል ሙሉ አሲድ አግኝተው፣ ሲንክና ገንዳ ላይ የሚጋገረውን ነጭ እድፍ እንድናስለቅቅበት ለየቤቱ አደሉ። የበጎ ሐሳብዎን ትልቅነት ማንም አይክድም። በርሜሉን የገለበጡበት ግን ወይዘሮ ዴሳንካ በየዓመቱ የዞቫ አበባ ጁስ ጠምቀው ለጎረቤት የሚልኩባቸው ጠርሙሶች ውስጥ ነው። በገዛ እጃቸው “ዞቫ” ብለው የጻፉበትን ወረቀት እንኳ አልላጡትም። እኔ ሥራ ነበርኩ፤ ሌንካን የምትጠብቀው አማቴ ናት። በሩ ላይ “ከምክር ቤቱ ስጦታ” ብለው ጠርሙሱን አስጨብጠዋት ወደሚቀጥለው በር አለፉ። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እርሷም ልብስ ልታሰጣ ስለነበር መታጠቢያ ቤት ገብታ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው።

ከሥራ ስገባ ያየሁትን ልንገርዎ። አማቴ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ድፍን ብሏል። ሌንካ ጠርሙሱን አይታ ጁስ፣ ጁስ እያለች አላስቆም ስላለቻት፣ ጁሱ ያለ ውሃ ይወፍራልና እንደ ደንቡ ጥቂት ኩባያዋ ውስጥ ጠብ አድርጋላት፣ ውሃ ልትጨምርበት ወደ ቧንቧው ዞራ ቧንቧውን ትከፍታለች። ልጄ ደግሞ ውሃ እስኪጨመር የምትጠብቅ ልጅ አይደለችም። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ አፏ አንስታዋለች። የአሲዱ ሽታ ገና ከበሩ አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ዘልዬ ከእጇ መታሁት። ኩባያው ወለሉ ላይ ሲወድቅ የሰድሩ መጋጠሚያ እንደ ወተት ፈላ፤ ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለን። አማቴ እዚያው ሲንኩን ይዛ ቁጭ አለች፤ እስካሁንም ለልጅቷ ውሃ እንኳ አልሰጥም ብላለች። አቶ ቦጎልዩብ፣ ያ የፈላው ሲሚንቶ ነው። የልጄ ጉሮሮ ሲሚንቶ አይደለም።

ያን ዕለት ማታ ጠርሙሱን ይዤ በርዎ ላይ ቆሜ፣ እባክዎ የሁሉንም መልሰው ይሰብስቡ ብዬ ስለምንዎ ምን አሉኝ? “ልጅሽን ጠብቂ እንጂ! ጠርሙሱ እግር አውጥቶ አልመጣባትም።” እውነት ነው፣ እግር አላወጣም፤ በእርስዎ እግር ነው የመጣው። ቀጥለው “የምክር ቤት ውሳኔ ነው፣ አይሻርም” ብለው በሩን ዘጉብኝ። ምክር ቤቱ ማን እንደሆነ ስናጣራ ደግሞ እርስዎና ማኅተምዎ ብቻ ሆናችሁ ተገኛችሁ። ቅዳሜ በድሪል ያሳበደን እንግዲህ ይህ ነው፤ ፈራን፤ ፈርተን ያገኘነውን ሁሉ ቆለፍን። የልጅ ቁልፍ ከልጅ ይጠብቃል፤ ከእርስዎ የሚጠብቀን ቁልፍ ግን ሱቅ ብንዞር አጣን።

4. አራተኛም ነበረኝ፤ ንዴቱ አስረሳኝ።

ውሳኔዎ የማይሻር ስለሆነ እኔም አልሻርኩትም፤ ትናንት ቤት ለቤት ዞሬ ጠርሙሶቹን ለቀምኩ እንጂ። ማንም አልከለከለኝም። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ራዶይካማ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘውት ነበር። እሑድ ቤታቸውን ሊባርኩ ለሚመጡት ቄስ ሊያቀርቡት ነበር። ነገሩን ስነግራቸው “ወይኔ! ቄሱን ልገድላቸው ነበር?” ብለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ኔናድ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ወስዶ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚወገድ ለሚያውቁ ሰዎች አስረክቧል። ነሐሴ ሲገባ የዚህ ሕንጻ ነዋሪዎች የልጅ ልጆች ለዕረፍት ከቪየና፣ ከሙኒክ እየተጫኑ ይመጣሉ፤ ይምጡ፣ ይጫወቱ፤ እኛም ዞቫችንን ሳንፈራ እንጠጣ።

ለስጦታዎ፣ ለምክርዎ፣ ለሰበሩልን ቁልፍ፣ ልጅ አሳዳጊነትን በማስታወቂያ ስላስተማሩን ሁሉ ምስጋናዬ እጅግ የበዛ ነው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ እንደ ወትሮው ከአንገቴ ጎንበስ ብዬ ሰላም እልዎታለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚጠብቁት ነገር ካለ ግን ይቅርብዎ።

ጤናዎን፣ ሥልጣንዎንና ሙሉ የከሰዓት እንቅልፍ ዘወትር የምትመኝልዎ፣
ግዴለሿ እናት
ያስና፣ አራተኛ ፎቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ያልሰበሰብኩት አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ የእርስዎ። በርዎን ለማንኳኳት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዛሬ ጠዋት ግን ወይዘሮ ዴሳንካ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። የልጅ ልጃችሁ ሚላ ዓርብ ትገባለች አሉኝ፤ ጠርሙሱም ከሲንኩ ሥር፣ ከሚላ የመታጠቢያ መጫወቻዎች መካከል ተቀምጦ ነበር። እርስዎን “አንሳልኝ” ብለው ቢለምኑዎ የመለሱላቸውን መልስ እኔም ስለማውቀው አልደግመውም። ይህን ሁሉ በደብዳቤዬ ላይ ብጨምረው ያሳፍራቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። “ጻፊው የኔ ልጅ። እኔ በአፌ ስነግረው ሰምቶኝ አያውቅም፤ የተለጠፈ ነገር ግን ያነባል” አሉኝ። ስለዚህ እንዲያነቡት ይኸው ለጠፍኩት፦ ሚላ ኒሽ እስካለች ድረስ ገላዋን የምትታጠበው እኛ ቤት ነው፣ አያቷ ወይዘሮ ዴሳንካ ወስነዋል። ሊያዩዋት ሲፈልጉ ያንኳኩ፤ ባዶ እጅዎን ከመጡ እንከፍትልዎታለን።