ሳንባ ይለምዳል

ለእናት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ታናሼስ? እኔ ከደህናም በላይ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ እኔው ነኝ። ሌላው ሁለት ዓመት የሚንፏቀቅበትን የማታ ትምህርት በስምንት ወር ጨርሼዋለሁ። መምህሩ እንዳንተ ያለ ጭንቅላት አላየሁም ብሎኛል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ባይነግረኝም ለበጎ ወስጄዋለሁ።

መቼም የሚያነብልሽ ታናሼ ነው። ከዚህ በታች ያለውን አንዱንም እንዳይዘል አደራ በይው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ድንጋይ ፈጭተን፣ እንደ ዱቄት አልመን በከረጢት እንሞላለን። አዲስ ሰው ሲመጣ የማስለምደው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ወር አፉን በጨርቅ እንዳይሸፍን እከለክለዋለሁ። ሳንባ ይለምዳል፣ የተሸፈነ ሳንባ ግን አይማርም እለዋለሁ። ማስረጃዬ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ አፋቸውን ሸፍነው ሳያውቁ ይኸው ዛሬም ከረጢት ይሸከማሉ። ታናሼንም፣ እዚህ አብሮኝ ሲሠራ፣ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። የሰጠሽውን ሻርፕ ከአፉ ላይ ገፍፌ ስወስድበት ይስቅ ነበር።

ታዲያ በመጨረሻው ሳምንት መምህሩ ስለ አዝጋሚ ለውጥ አስተማረን። ከኋላ የሚቀመጠው ታክሲ ነጂ የማን አያት ነው ዝንጀሮ ብሎ ክፍሉን አሳቀው። መምህሩ ሳይቆጣ፣ የሩቅ ዘመድ እንጂ አያት አይደለም አለና ወደ ትኋን ገባ፤ የድሮው መድኃኒት ዛሬ ለምን እንደማይገድለው ጠየቀን። እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ ለምዶት ነው አልኩ። እኛም አቧራውን እንዲሁ ለምደነዋል፣ ልጆቻችንም ለምደው ይወለዳሉ ብዬ የማስለመዱን ጀብዱ ከነዝርዝሩ ተረክሁለት። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የለመደ ትኋን የለም። ያልቻሉት ሞቱ፣ የቻሉት ተርፈው ወለዱ። አንተም የምታየው የተረፉትን ብቻ ነው» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። ከየልብስ መስቀያው በላይ ግድግዳው በሚስማር ተጭሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይጥ የቧጠጠው ይመስለኝ ነበር። እማዬ፣ ለካ ስም ነው። ሳቂታው። ግራኙ። መንታዎቹ። አገራቸው ገቡ እያልን የረሳናቸው ሁሉ። ስልሳ ሦስት ስም ነው፤ ዛሬ ያለነው እኛ አሥራ አራት ነን። ቱታቸው እንደተሰቀለ ነው፤ ትከሻው ላይ አቧራ ስለቆለለ ከውስጡ ሰው ያለበት ይመስላል። እኔ ደግሞ ጮክ ካላልኩ ማንበብ ገና አልችልም፤ እያንዳንዱን ስም እጠራለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። አቤት የሚል እየጠበቅሁ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የታናሼን አልጠራሁም። ቦታውን አውቀዋለሁና ዘለልኩት።

ታናሼ፣ አሁን አንተን ነው። ሲሻለኝ እመለሳለሁ ብለህ ነበር፤ እንዳትመለስ። ስታስል «ሳንባህ እየተማረልህ ነው» ብዬ የቀለድኩብህ እኔ ነኝ። ምንም እየተማረ አልነበረም። ትናንት የመጡትን ሁለት አዲሶች አፋቸውን አስሸፍኛቸዋለሁ። ፎርማኑ ማስለመዱን ለሌላ እሰጠዋለሁ ቢለኝ፣ ስጠው አልኩት።

እማዬ፣ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የላክሽልኝን ደብዳቤዎች ሁሉ በየተራ አየኋቸው። የፊተኞቹ ፊደላቸው ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የታናሼ እጅ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሦስቱም «ወንድምህ ደህና ነው፣ እያረፈ ነው» ይላሉ፤ አንዲት ቃል እንኳ አትለያይም። እጁ ደክሞት ይሆናል ብያለሁ። የዚህን መልስ ግን እሱ ይጻፍልኝ። ስሙን ብቻ ቢጽፍም ይበቃኛል።

ጉልበትሽን ያጽናው፣ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። ይህን የምታነብላትም፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅህም፣ እጅህ ይባረክ። እዚህ ስትደርስ ቀስ በልላት፤ ብቻዋንም ትተሃት አትሂድ።

ልጅሽ፣
የታናሼ ታላቅ