የጣሪያው ሽበት

መስከረም 19
ዛሬም ቁጭ ብድግ። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ እግሬ ግን አሁንም ፍሬን ይፈልጋል። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ሶፋ ላይ ምን ይሠራል? ግቢ ጠረግኩ። ሸሚዝ ተኮስኩ። ሰዓቱን አየሁ... ገና ሦስት!
ባለቤቴ ጠዋትም ስታስል ነበር። የመኝታ ቤታችን ኮርኒስ ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ሻጋታ ሰሃን አክሏል። ባለፈው ወር ሳንቲም ነበር የሚያክለው።
"ጣሪያውን እየው እንጂ" አለችኝ።
"አየዋለሁ።"
ስንት ዓመት "አየዋለሁ" አልኳት?

መስከረም 22
ሄደች። እህቷ ቤት። ሐኪሙ "ሻጋታ ያለበት ክፍል ውስጥ አትደሪ" ብሏታል። ሻንጣዋን ራሴ ተሸከምኩ።
"ተቆጥተሽ ነው?"
"ትንፋሽ አጥሮኝ ነው።"
ቤቱ ሰፋብኝ።

መስከረም 23
መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ጉድ ነው! የጣሪያው ሸክላ አይታይም። አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት እንደ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ስጫነው እንደ ስፖንጅ ውሃ ይተፋል። ለካ ኩሬ ተሸክመን ነው የምንተኛው።

መስከረም 25
መኪና የሚያጥቡበትን የግፊት ማሽን ተከራየሁ። ማን ያስቆመኛል? አረንጓዴው እየተገነጠለ ሲበር እንደ ልጅ ጮህኩ።
ወርጄ መኝታ ቤት ገባሁ... ኮርኒሱ አብጦ ያንጠባጥባል። ፍራሹ ርሷል። ውሃው በሸክላዎቹ ሥር ገብቶ ኖሯል። ከድጡ ወደ ማጡ። ለእሷ አልነገርኳትም።

መስከረም 29
ከሦስት ቀን በፊት ጣሪያ ሠሪ አስመጣሁ። አጭር፣ ወፍራም ሰው፤ መሰላል ላይ ግን ድመት ነው።
"ጋሼ፣ ይሄን በማሽን የመታው ማነው?"
"አንድ ጅል ሠራተኛ።"
የተላላጠ እጄን አየና ወደ መሰላሉ ዞረ። ጨዋ ሰው ነው።
እስኪደርቅ ጠብቆ በብሩሽ ፋቀው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ። ሰባት የተሰበረ ሸክላ ለወጠ። መድኃኒት ረጨ። የረጠበውንም ኮርኒስ አንስቶ አዲስ መታልኝ። ዛሬ ጨርሶ ሊሄድ ሲል ጣሪያው ላይ የተጋደመውን የዛፍ ቅርንጫፍ አየ።
"ፀሐዩን የከለከለው ይሄ ነው። ካልተቆረጠ ሽበቱ በዓመቱ ይመለስብዎታል።"
"ዛፉ አይነካም።"
"ምነው ጋሼ?"
"አይነካም አልኩህ!"
ጮህኩበት። ምን አደረገኝ ሰውዬው?

ጥቅምት 1
ለባለቤቴ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ማሽኑን፣ ፍራሹን... ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ስለ ዛፉም ነገርኳት።
"ልጃችን ነው የተከለው" አልኳት።
"አምስት ዓመት ዛፉን ታባብላለህ። ልጁን አባርረህ!"
ስልኩን ዘጋች።
አዎ፣ አባርሬዋለሁ። ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ ፀጉር አስተካካይ ልሁን ሲል "የእኔ ልጅ አይደለህም" አልኩት። ከአፍ የወጣ ቃል... ለእናቱ ይደውላል። ለእኔ ምን ብሎ?

ጥቅምት 3
ስልኩን አነሳሁ። አስቀመጥኩ። ግቢውን ሦስቴ ዞርኩ። አነሳሁ። አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 4
ደወልኩ።
"አባባ? እማዬ ምን ሆነች?"
"ደህና ናት። እ... ዛፍህን ልቆርጠው ነው። ልንገርህ ብዬ ነው።"
"የቱን ዛፍ?"
"ከትምህርት ቤት ችግኝ ይዘህ መጥተህ የተከልከውን!"
"አባባ፣ የእኔ ችግኝ እኮ በሳምንቱ ደረቀ። ያኛው የጎረቤት ልጅ በቦታው የተከለችው ነው።"
እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የጎረቤት ዛፍ ስንከባከብ ኖሬ!
"ሊቆርጠው ማነው የሚወጣው?" አለኝ።
"እኔ ነኛ።"
"እንዳትሞክራት! ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ጥቅምት 9
ትናንት መጣ። እናቱን ከእህቷ ቤት ይዞ ነው የመጣው። በሩ ላይ አየኝና መጀመሪያ ያለው፣ "ማነው ፀጉርህን እንዲህ የጨፈጨፈው?"
ባለቤቴ መኝታ ቤት ገብታ አዲሱን ኮርኒስ በጣቷ ነካካች፤ ሻንጣዋን ፈታች። ልብሷን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለች።
ጣሪያ ሠሪው የሞተር መጋዙን አዋሰን። ልጄ መሰላሉ ላይ ወጣ፣ እኔ ከሥር ያዝኩ። ትከሻው ሰፍቷል። መቼ ነው እንዲህ የሰፋው? መጋዙ ሲጮህ፣ የእንጨት ዱቄት ፊቴ ላይ ሲዘንብ፣ አፌ ተፈታ። አይሰማኝም ብዬ ነው መሰለኝ። "ይቅር በለኝ ልጄ" አልኩ።
መጋዙን አጠፋ። ጎንበስ ብሎ አየኝ።
"ምን አልክ አባባ?"
ደገምኩለት።