ለቤዛ ያልተነገራት መርዶ

ታድዬ፣ ሆዴ፣

«ከሄድክ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። በዚህ ቤት ላንተ «ሄደ» ማለት ትተናል፤ ለምን እንደተውነው ልነግርህ ነው ይህን የምጽፈው። ከሞትክ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው እጄን ይከብደኛል፤ ግን መልመድ አለብኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራህ። የውጭ በሩ ማጠፊያ አሁንም ይጮኻል፤ ነገ አበጀዋለሁ እያልክ ሦስት ዓመት የሸወድከኝ ማጠፊያ። የቀለም ቆርቆሮዎችህ ከጓዳ አልተነሱም። መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የሻይ ቤት ታፔላህ በፀሐይ ደብዝዟል። የሥጋ ቤቱ ግመል ግን እንደሳልከው አለ፤ አሁንም አንድ እግሩ ከሌሎቹ ያጥራል። ስስቅብህ ቆሞ የደከመው ግመል ነው ብለህ ድርቅ ያልከው ትዝ ይልሃል? በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ከዚያ ነጠላዬን ወደ ዓይኔ እወስዳለሁ። እኔ እዚያው ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። እናቴ እኛ ጋ ገብታለች፤ ቀን ቀን ከቤዛ ጋር የምትውለው እሷ ናት። ልጃችን አስር ዓመት ሞላት። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። አሁንም አትናገርም።

ካርዶቹን አልረሳሁም። ከታፔላ በተረፈ ቀለም በካርቶን ቁራጭ ላይ ባልዲ፣ የወተት ብርጭቆ፣ ጫማ፣ ቤት እየሳልክ ትሰጣት ነበር። መታጠብ ስትፈልግ ባልዲውን፣ ሲጠማት ብርጭቆውን አምጥታ መዳፍህ ላይ ታስቀምጣለች። ወደ ቤት መመለስ ስትፈልግ የቤቱን ካርድ ታወጣለች። እኔ ግን ይህን ሳይ ያንገበግበኝ ነበር። ዘመድ ሁሉ በስዕል ካግባባችኋት መቼ አፏን ትፈታለች ይለኛል፤ እኔም አመንኩ። አንድ ቀን ተናድጄ ሰብስቤ ከሰል ማቀጣጠያ አደረግኳቸው። ከሥራ መጥተህ አመዱን አየህ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እራትህን በላህ፤ በማግስቱ ከባልዲው ጀምረህ እንደ አዲስ ሳልካቸው። ይቅርታ ሳልጠይቅህ ነው የሞትከው፣ ታዴ። አሁን ይቅር በለኝ።

ሆድህን ታመህ ወደ ሐረር ሆስፒታል የጻፉልህ ቀን፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ አንተ በሕመም ጎብጠህ፣ ለቤዛ ሁለት ካርድ ዘረጋህላት፤ መኪና፣ ቀጥሎም ቤት። አባባ በመኪና ይሄዳል፣ ከዚያ ቤት ይመጣል ማለትህ ነበር። የቤቱን ካርድ ለእሷ ሰጠሃት፤ የመኪናውን ሸሚዝህ ኪስ ከተትከው። ወንድምህ ደግፎ አስገባህ። እኔ ከልጅቷ ጋር ቀረሁ። አጠገብህ አለመሆኔ እስከ ዛሬ እሳት ነው የሚሆንብኝ።

አንድ ማለዳ የውጭ በር ተንኳኳ። ስከፍተው የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ለእኔ በወጉ መርዶ ተነገረኝ። ለቤዛ ግን ማንም አልነገራትም። እኛ ዘንድ ለልጅ መርዶ አይነገርም፤ አባትሽ መንገድ ሄዷል፣ ይመጣል ይባላል፣ ልጁም እያደረ ከሰው ፊት ይረዳዋል። በቀብርህ ቀን ጎረቤት ወስደው አዋሏት። ስትመለስ እኔው ራሴ፣ በገዛ አፌ፣ አባባ ሄዷል፣ ይመጣል አልኳት። ቤዛ ከሰው ፊት የምታነብ ልጅ እንዳልሆነች እያወቅኩ። የነገርካትን እንዳለ ይዛ የምትቀመጥ ልጅ እንደሆነች እያወቅኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ከሥራ በምትገባበት ሰዓት፣ ልክ አስራ አንድ ሲል፣ ጫማዋን ታደርግና የቤቱን ካርድ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ከቢሮ ስመለስ አልፋኝ መንገዱን ነው የምታየው። እጇን ይዤ ላስገባት ስል የገዛ ክንዷን ትነክሳለች። ሲመሽ ደክሟት ትገባለች። ክረምት ሲመጣ ጃንጥላ ይዤ አብሬያት ቆምኩ። ሰው እያለፈ ከንፈሩን ይመጥልናል፤ እኔም ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እላለሁ። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

ጎረቤታችንን መምህርት ሆዳንን ታስታውሳታለህ፤ ለቤዛ የግመል ወተት የምታመጣላትን። ክፍሏ ውስጥ እንደ ቤዛ ያለ ልጅ ገባባትና ግራ ሲገባት ስልኳ ላይ ስትፈልግ፣ ለወላጆችና ለአስተማሪዎች ስለ ኦቲዝም በኢንተርኔት የሚሰጥ ነጻ ትምህርት አገኘች። «ሙሉ፣ ወላሂ፣ ይቺ የኛ ቤዛ ናት!» እያለች ስልኳን ይዛ ሮጠችብኝ። ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓቴ የትምህርት ሰዓት ሆነ። ቢሮ ሰው ሲወጣ እሷ ትመጣለች፣ በሩን ገርበብ አድርገን ኮምፒውተሩ ፊት እንቀመጣለን። ኔትወርኩን ደግሞ ታውቀዋለህ። የምታስተምረው ሴትዮ አፏን እንደከፈተች ድርቅ ትላለች፤ ሆዳን እሷም እንደኛ ኔትወርክ እየጠበቀች ነው ትልና ታስቀኛለች። እንግሊዝኛው ሲጠናብን መዝገበ ቃላት አወጣለሁ። ሆዳን የገባትን በሶማሊኛ ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች፤ እንደ እኔ የቸገራት አንዲት እናት በገበያ ቀን ከሐርተሼክ ስትመጣ ታነብላታለች።

ሦስተኛው ትምህርት ላይ ምን መጣ መሰለህ? ባልዲ። በካርድ ላይ የተሳለ ባልዲ፣ ቀጥሎ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ቤት። መናገር ለማይችል ልጅ ስዕል አፍ ይሆነዋል እንጂ አፉን አይዘጋውም ይላል ጽሑፉ። ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ ማንም ሳያስተምርህ፣ ልጅህን ብቻ አይተህ ያገኘኸውን፣ እኔ ከሰል አቀጣጠልኩበት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሆዳን ሰው እንዳይገባ በሩን ይዛ ቆመች። ሌላ ቀን ደግሞ የሚሞላ ቅጽ መጣ፤ ልጅዎን በማሳደግ የሚረዳዎት ማን ነው ይላል። ስምህን ጻፍኩ። 

እዚያው ወላጆችና ባለሙያዎች የሚጠያየቁበት ገጽ አለ። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ስለ በሩ ጻፍኩ፤ አባቷ ሞቷል፣ ልጄ ግን እሱን ስትጠብቅ በየቀኑ ትቆማለች፣ እንዴት ላስተዋት አልኩ። ዘዴ ይነግሩኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በማግስቱ አንዲት መምህርት፣ አገሯን እንኳ አላውቀውም፣ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ። አባቷ እንደሞተ ማን ነግሯታል?

ገጹን ዘጋሁት። ሦስት ቀን አልከፈትኩትም።

ስከፍተው ስለ ሐዘን የሚያስተምረውን ክፍል ልካልኝ ነበር። ሄደ አትበሉ፣ ተኛ አትበሉ፣ ይላል። ሞተ በሉ፤ ሰውነቱ መሥራት አቆመ፣ ተመልሶ አይመጣም በሉ፤ በስዕልም አሳዩ። እናቴ ሰማችና እንዴት በሕፃን ልጅ ላይ ትጨክኛለሽ ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው፣ ጭካኔ ይመስላል። ግን ልጅን አንድ ዓመት በር ላይ ማቆምስ ምንድን ነው?

የቀይ ቀለምህን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ላዩ ቆዳ አውጥቷል፤ ስቀደው ከሥሩ እርጥብ ነው። እኔ ስዕል እንደማልችል ታውቃለህ። ካርቶን ላይ የተንጋደደች ቤት ሳልኩ፣ አጠገቧ ጉርድ ፎቶህን ለጠፍኩ፣ በላያቸው ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩ። አባባ ቤት አይመጣም ብዬ ጻፍኩ ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዣት ወደ መቃብርህ ሄድኩ። ሆዳን አብራን መጥታ ከአጥሩ ውጭ ጠበቀችን። ስምህ ላይ እጇን አስቀመጥኩና፣ ልክ እንደተማርኩት፣ ቃሉን ሳላሳምር ነገርኳት። አባባ ሞቷል። ሰውነቱ እዚህ ነው። ቤት አይመጣም። ካርዱን ሰጠኋት። ብዙ አየችው። ከዚያ ቀዩን መስመር በአውራ ጣቷ ታሽ ጀመር። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ሊጠፋላት ነው ብላ ይሆናል፣ ግን ተዘረጋጋ፣ ቤቷም ፎቶህም ቀላ። ጣቷን አየች። መሬት ላይ ተቀምጣ እያንጎራጎረች ትወዛወዝ ጀመር፤ እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትወጣ አልተነሳንም። በመጨረሻ ያንን ያንተን የቤት ካርድ፣ ከሞትክ ወዲህ ለማንም ሰጥታ የማታውቀውን፣ ከኪሷ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ቤት ውሰጂኝ ማለቷ ነበር። ይዣት ገባሁ።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽህም። በዚያው ቀን አስራ አንድ ሲል ጫማዋን አደረገች፣ እበሩ ድረስ ሄደች፣ ተመልሳ አወለቀችው። ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። እናቴ በዓይኗ ገረፈችኝ፤ እኔም ልጄን ገደልኳት ብዬ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ከቢሮ ስመለስ ከሩቅ በር ላይ ቆማ አየኋት። ክው አልኩ። ሁሉም ከንቱ ነበር፣ አሁንም አንተን እየጠበቀች ነው አልኩ። ስደርስ ግን አልፋኝ መንገዱን አላየችም። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ አስገባችኝ፣ በሩን ዘጋችው፣ ጫማዋን አወለቀች። የምትጠብቀው እኔን ነበር።

ሸሚዝህ ከሐረር ሲመለስ የመኪናው ካርድ ኪሱ ውስጥ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ስወጣ ሁለቱን እዘረጋላታለሁ። የመኪናውን እኔ እይዛለሁ፣ የቤቱ እሷ ጋ ይቀራል፤ ማታ ስገባ መዳፌ ላይ ታስቀምጠዋለች። ቀለሙ ሲለቅ በላዩ ላይ እደግመዋለሁ፤ የአንተ እጅ ከሥር አለ። ስለ አንተ ስትጠይቀኝ፣ ፎቶህን እያመጣች ነው የምትጠይቀው፣ ሞቷል እላታለሁ፣ ቀጥዬም እሥጋ ቤቱ ድረስ ወስጄ ግመሉን አሳያታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ አደርጋለሁ።

በሩ ላይ ያንን ካርድ ስትሰጣት ልትዋሻት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ታድዬ። ልትመጣ ነበር። የገባህላትን ቃል እኔ ተቀብያለሁ፤ በየቀኑ ቤት እገባለሁ።

ያንተው ሙሉ