እትዬ ልክነሽ ማርፈድን የተማሩበት አልበም

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ልክነሽ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ገና አፍ ሳይፈቱ አባታቸው የስፌት መኪናውን ሲረግጡ አብረው ያንጎራጉሩ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ይናገራሉ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በ1963 ዓ.ም. የከተማችንን ቲያትር ቤት የድምፅ ፈተና አልፈው በዘፋኝ ተዋናይነት ተቀጠሩ። በሙዚቃዊ ቲያትሮች ላይ ንግሥትም፣ ቸርቻሪም፣ የተከዳች ሚስትም ሆነው ዘፍነዋል። ተወዛዋዦቹ የሚዘሉትና የሚያርፉት የእሳቸውን ድምፅ ተከትለው ስለነበር እሳቸው ከምት ዝንፍ ማለት አያውቁም ነበር። «ልክነሽ» የሚለውን ስም ያወጡላቸውም እነዚሁ ተወዛዋዦች ናቸው፤ ውሎ አድሮ እናታቸውም ጭምር በዚሁ ይጠሯቸው ጀመር።

በ1968 ዓ.ም. በዚያው ቤት የመድረክ አናጺ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ጉሮሯቸውን እንደ እንቁላል ነበር የሚጠብቁት፤ በሙቀት እንኳ ሻርፕ አይለያቸውም፣ ቀዝቃዛ ነገርም ባፋቸው አይዞርም። ልጆቻቸውም ማስነጠስ ሲመጣባቸው ወደ ደጅ መሮጥን የተማሩት ገና በዳዴ ነው ይባላል።

በ2000 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ አንድ ምኞት ቀርቷቸው ነበር፤ በመድረክ የተጫወቷቸውን ዘፈኖች በጃዝ ስልት በአልበም ማስቀረጽ። ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት አለፉ። በ2011 ዓ.ም. ግን በአንገታቸው ላይ እብጠት ተገኘ። ሐኪማቸው ቀዶ ሕክምናው ከወሩ መጨረሻ ማለፍ እንደሌለበት፣ ከዚያም በኋላ የመዝፈኛ ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል ሳይደብቁ ነገሯቸው። እትዬ ልክነሽ ከሐኪሙ ክፍል ወጥተው በቀጥታ የሄዱት አልበሙን አብረዋቸው ሊሠሩ ቃል ወደገቡላቸው ፒያኖ ተጫዋች ነው።

ቀረጻው እንደታሰበው አልሄደም። የጃዝ ስልት፣ ዘፋኙ ከምቱ ትንሽ ኋላ ቀረት እንዲል ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ምቱ ላይ እንደ ምስማር ድርቅ ይላሉ። ሐኪሙ የሰጧቸው ቀን እያለቀ ሄደ። ፒያኖ ተጫዋቹ «እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ያርፍዱ» ሲሏቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ካረፈድኩ እኮ ሰው ይወድቃል» አሉ። ባለቤታቸው ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ተቀምጠው «ለእኔ ቀጠሮ ሲሆን ታውቅበት ነበር» ማለታቸውም ነገሩን አላቀለለውም።

በእረፍት ላይ እትዬ ልክነሽ ስለ አንድ የድሮ ባልደረባቸው ማውራት ጀመሩ። ሰውየው በፍቅር ዘፈን መሃል የለጠፈው ጢም ተነቅሎ እሳቸው ጉንጭ ላይ ተጣብቆ ነበር። ወሬውን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፣ ሰሚው «ከዚያስ?» እስኪል እያዘገዩ ሲያወጉ፣ ድራመሩ በሣቅ የመምቻ እንጨቱን ጣለ። ፒያኖ ተጫዋቹ ግን አልሣቁም። «እትዬ፣ ጢሙን ባወሩልን አኳኋን ይዝፈኑት» አሏቸው። እሳቸውም ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ለተወዛዋዥ መሆኑ ቀርቶ ለወዳጅ እንደሚያወሩ ሆነው ዘፈኑ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እንደ ውሃ ወረደ። የመጨረሻው ዘፈን ዓርብ ከሰዓት ተጠናቀቀ፤ ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ገቡ።

የተፈራው አልቀረም፤ ከቀዶ ሕክምናው ሲወጡ የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ቤተሰቡ ሐዘን ይጎዳቸዋል ብሎ ሲሳቀቅ እሳቸው ያዘዙት አይስክሬም ነው። «ያለኝን አስቀርጫለሁ፤ ከእንግዲህ ጉሮሮዬ የራሴ ነው» አሉ። ሻርፖቻቸውን ለልጅ ልጆቻቸው አከፋፍለው፣ ያሰኛቸውን እየቀመሱ፣ በሹክሹክታ እየቀለዱ አምስት ዓመት ያህል ኖሩ። እኛም እንዲያ ቀልሏቸው ሲኖሩ አይተን እፎይ ብለናል።

ሕመሙ ባለፈው ዓመት ተመልሶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል፣ በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው አልፈዋል።

ከዚህ ንባብ ቀጥሎ የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ይሰማል። ዜማው ሲያበቃ እባካችሁ ለመነሣት አትቸኩሉ፤ ከጥቂት ዝምታ በኋላ ሣቃቸው ይከተላል። ፒያኖ ተጫዋቹ እንዲቆረጥ አልፈቀዱም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን እንዲያ እንደሣቁ ይቀበልልን።