በሞቴ ተቀመጪ

እህት ዓለሜ፣ የእናቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ጎንበስ ስትዪ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ማረሽ? ትንሹ ልጅሽ፣ ያ ወሬኛ፣ ደህና ነው? የልጅ ልጅሽስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነውና የሚጀመረው። ግን አንቺን መዋሸት አልለመድኩም፣ አሁን በስተርጅና ምን አስለመደኝ ብዬ ተውኩት።

ትልቋ ልጅሽ "እኔ ጋ ነይና ዕረፊ" ብላሽ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለሽ ጠይቀሽኛል። ቁርጡን ከመንገሬ በፊት የእኔን ዕረፍት ስሚ።

ልጄ ወርቅ ነው። ይህን አስቀድመሽ ያዥልኝ፣ በኋላ የምለው ሁሉ ሐሜት እንዳይመስልሽ። አራተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ለእኔ ለቀቀልኝ፤ ሰው ከተቀመጠበት ተመልሶ የማይወጣበት የሚመስል ትልቅ ሶፋ ወንበር ገዛልኝ። ችግሩ ወንበሩ እንደሚመስለው መሆኑ ነው። መጥረጊያ ሳነሣ ምራቴ ከእጄ ትነጥቀኛለች። የጠጣሁበትን ብርጭቆ ላጥብ ስል "ኧረ እማማ፣ ሰው ምን ይለናል!" ትላለች። እውነቷን ነው። አንድ ቀን የቆሻሻ ፌስታል ይዤ ደረጃ ስወርድ ጎረቤታችን አይታኝ "ምነው፣ አሮጊቷን ማሠራት ጀመሩ እንዴ?" ብላ ሕንፃውን አዳረሰችው። ምራቴ ሳምንቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ነው የወጣች የገባችው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲሄዱ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ለሌባ ነው ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት ኮሪደር ስጠርግ የኖርኩ ሴት፣ አሁን መንገዴ ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ነው።

ጉልበቴ ያበጠውና ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት አንታጠፍም ያሉት በዚሁ መሀል ነው። ድካሙ ደግሞ ለብቻው፤ ምንም ሳልሠራ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ እንደዋለ ሰው እዝላለሁ። ሐኪሟ ደሜን አስመረመረችና ብግነት አለ አለች። ቁስል የለም፣ ትኩሳት የለም፤ ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ሳይነድም ሳይጠፋም እንደ ረመጥ ውስጥ ለውስጥ ይኖራል፣ ሲቆይ ልብንም ጡንቻንም ይጎዳል አለችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረች፤ መቀመጥ ያባብሰዋል። ጡንቻ ሲሠራ ይህን ብግነት የሚያበርድ ነገር ራሱ ወደ ደም ይለቃል፤ ሆድ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ደግሞ ብግነቱን ይመግበዋልና እንቅስቃሴ እሱንም ይቀንሰዋል። ሩጪ አልተባልኩም። መራመድ፣ ደረጃ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፤ በቀን ጥቂት፣ ግን ሳያቋርጡ ለወራት። "ጉልበትዎን የልጃገረድ አያደርገውም፣ ኪኒንዎንም እንዳይተዉ። ግን ካልተንቀሳቀሱ ከርሞ በራስዎ እግር መምጣትዎን እንጃ" አለችኝ። እህቴ፣ ሞት እንኳ እንደዚያ አላስፈራኝም።

ልጄ አጠገቤ ሆኖ ሁሉንም ሰማ፤ ራሱን እየነቀነቀ አመሰገናት። በማግስቱ ብስክሌት ገዝቶ መጣ። አትሳቂ! መሬት ላይ ተተክሎ ፔዳሉ ብቻ የሚሽከረከር፣ የትም የማይሄድ ብስክሌት ነው። የትም ለማትሄድ ሴት የትም የማይሄድ ብስክሌት። ግም ለግም አብረህ አዝግም ይሉ የለ፤ እኛ ማዝገሙንም አጣነው። አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ለበሰ፤ እንግዳ ሲመጣ "ለእማዬ ነው" ተብሎ ይገለጣል። ብቻዬን ብወጣበት እወድቃለሁ ተባለ፣ ልጄ ደግሞ ሲገባ ደክሞት ነው የሚገባው። አሁን ምራቴ ካልሲ ታሰጣበታለች።

ባለፈው እሑድ አንጀቴ አረረና፣ ሁሉም ቤት እያሉ፣ ሐኪሟ እንዳለችው ከወንበሩ መነሣትና መቀመጥ ጀመርኩ። ጉልበቴ ቀጭ አለ፤ ፊቴም ሳይጨማደድ አልቀረም። ልጄ ሮጦ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝና "እማዬ፣ በሞቴ ተቀመጪ" አለኝ። የተቆጣ ነገር አይነካም አለ። "አባቴን ሥራ ቦታ እንደቆመ ወድቆ ነው ያጣሁት፣ አንቺን ደግሞ ቆመሽ አላጣሽም" አለ። ያ ጎልማሳ ሰውዬ ዓይኑ እንባ ሞልቶ! እኔም እልህ ይዞኝ "በሞቴ ተወኝ" ብለው፣ "እሱን ፈርቼ አይደል የማስቀምጥሽ" አለኝ። አንድ ልጅ ያላት እናት "በሞቴ" ተብላ የት ትደርሳለች? ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ሲወጣ ግንባሬን ስሞ "በሞቴ" ይለኛል፣ ከዚያ ይቆልፋል። የሚጠላኝ ሰው ቢቆልፍብኝ ጮኼ ጎረቤት በጠራሁ፤ ይኼን ለማን አቤት እላለሁ? ወንበሬ ላይ ሆኜ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ አዳምጣለሁ።

እንግዲህ ለጥያቄሽ፣ ሂጂ። ልጅሽን ቅር አታሰኛት። ግን ሻንጣሽን ሳታስቀምጪ፣ ገና ደጃፉ ላይ ሳለሽ፣ "በሞቴ እንዳታስቀምጪኝ" በያት። ቀድመሽ በያት፤ እኔ ተቀድሜ ነው። ገበያም ሂጂ፣ ቤትም ጥረጊ፣ ያማ ሰው ይማ። የሰው አፍ እግር አይሆንሽም።

ለትንሹ ልጅሽ ሰላም በይልኝ፤ ወሬውን ቀንሶ ውኃውን እሱ ይቅዳ፣ ግን ሁሉንም አይቅዳብሽ። የልጅ ልጅሽን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለትልቋ ልጅሽ በስልክ ስታገኚያት አክስትሽ ትወድሻለች በያት። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን ዓይኗ እንዴት ሆነ በይልኝ። ምራቴም ሰላም በይልኝ ብላለች።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ እጄ ደክሞ አይምሰልሽ። ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ቆሜ ነው፤ ወረቀቱን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ዘርግቼ፣ ጉልበቴ ሲብስብኝ እግር እየቀየርኩ። ልጄ በሞቴ ካለኝ ወዲህ ቃሉን ስተላለፍ የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር በእሱ ላይ እንዳይቆጥርብኝ ጸልዪልኝ። ገና ብዙ የምነግርሽ ነበረኝ፤ ግን ቁልፉ በሩ ላይ ሲዞር ሰማሁ። ልቀመጥ።

እህትሽ

ከአራተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
መጋቢት 12 ቀን